የአሮጌ መኪና የፍሬን መብራት እምቢ ሲል፦ ጉድለቱን ከየት ጀምረን እንፈልግ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎን በደንብ ያውቀዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። ጥምዝምዙ ብዙ ነው። ከባዱ መኪና፣ ሚኒባሱ፣ የቤት መኪናው ተከታትሎ ነው የሚወርደው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲለብስ ደግሞ ከፊት ያለው መኪና ራሱ አይታይም፤ የሚታዩት ከኋላው ያሉት ሁለት ቀይ መብራቶች ናቸው። እነሱ ደመቅ ሲሉ ፍሬን እንይዛለን። ካልደመቁ ግን መኪናው መቆሙን የምናውቀው ጀርባው ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

እዚህ አካባቢ ከሚነዱት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ዲኤክሱ፣ የድሮው ሃይሉክስ፣ ቮልሱ፣ ስንት ባለቤት ያየው ሚኒባስ። ሞተራቸው በእንክብካቤ ይሄዳል። ሽቦአቸው ግን አርጅቷል፤ ብዙ እጅም ነካክቶታል። የፍሬን መብራት ሲጠፋ ታዲያ የተለመደው አካሄድ ግምት ነው። መጀመሪያ አምፖል ይቀየራል። ካልበራ ስዊቹ ይቀየራል። አሁንም ካልበራ አዲስ ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ይጎተታል። ገንዘብ ይወጣል። አንዳንዴም አሮጌው ጉድለት እንዳለ ሆኖ አዲስ ይጨመርበታል።

ሥራው ግን ግምት አያስፈልገውም። የፍሬን መብራት መስመር በመኪና ውስጥ ካሉት መስመሮች ከቀላሎቹ አንዱ ነው። የትኛው መብራት እንደጠፋና እንዴት እንደጠፋ በትክክል ያየ ሰው አንድ ብሎን ሳይፈታ ጉድለቱ ያለበትን ሰፈር ይለያል።

ለአንድ መብራት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከኋላ ያለው ሾፌር ፍሬን መያዝዎን አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ከተረዳ፣ ያቺን 14 ሜትር ፍሬኑን ሳይነካ ጨርሷታል። መንገዱ እርጥብ ሲሆን፣ መኪናው ሲጭን፣ ቁልቁለት ሲሆን፣ የቀረችው ርቀት ላትበቃው ትችላለች።

ቁልቁለት ላይ ሌላም ነገር አለ። ልምድ ያለው ሾፌር ሐረጎን የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው። ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም አይግልም። ትክክለኛ አነዳድ ነው። ነገር ግን በማርሽ ፍጥነት ሲቀንሱ የፍሬን መብራት አይበራም። መብራቱን የሚያበራው የፔዳሉ መረገጥ ነው። ስለዚህ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፔዳሉን ለአፍታ ነካ ማድረግ ለኋለኛው ሰው መልእክት ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ግን መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም መብራት ይታያል። ለዚያች ቀን ብቻ ተብሎ የሚደረግ ጥገና ግን ለማንም አይበጅም። የተጠማዘዘ ሽቦ በምርመራው ዕለት ይበራል፣ ከሳምንት በኋላ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል።

መብራቱ እንዴት ነው የሚበራው?

ጉዞው ከባትሪ ይጀምራል። ከፖዘቲቩ የወጣው ኃይል መጀመሪያ በፊውዝ ያልፋል፤ ጋራዥ ውስጥ ቫልቮላ የሚሉት ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ቀጭን የተደረገ ክር ነው። መስመሩ ላይ ከሚገባው በላይ ኃይል ሲፈስ እሱ ቀድሞ ይቀልጥና ሽቦውን ከቃጠሎ ያድናል።

ከፊውዙ ቀጥሎ ስዊቹ አለ። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ፣ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ሥር የተቀመጠ ትንሽ ቁልፍ ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲቀር የስዊቹን ጫፍ ገፍቶ ይይዘዋል፤ መስመሩ ይቋረጣል። ሲረገጥ ጫፉ ይለቀቃል፤ መስመሩ ይገናኛል። ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፤ ስንረግጥ ስዊቹን የምንጫን ይመስለናል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ከስዊቹ የወጣው ሽቦ በምንጣፉ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በበሩ ደፍ በኩል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ ለግራና ለቀኝ ይከፈላል። በየአምፖሉ ክር ውስጥ አልፎ ብርሃን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በአብዛኞቹ መኪኖች የሚመለሰው እስከ ባትሪው በተዘረጋ ሽቦ ሳይሆን በመኪናው አካል፣ በብረቱ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ከአካሉ ጋር የታሰረው ለዚህ ነው። ይህን መመለሻ ባለሙያዎቹ ማሳ ይሉታል።

በፒያሳና በሰኞ ገበያ መካከል የሚመላለሱ ባጃጆችን እናስብ። መሄጃው ክፍት ሆኖ መመለሻው ቢዘጋ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ሰኞ ገበያ ላይ ተከማችተው ይቀራሉ። ፒያሳ ላይ ተሳፋሪ የሚያነሳ አይገኝም። ኤሌክትሪክም መመለሻ ካላገኘ መሄዱን ያቆማል። ብልሃተኛው ባጃጅ ግን አይቆምም፤ በሰው ሰፈር፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሮ ለመመለስ ይሞክራል። የአሮጌ መኪና መብራት አንዳንዴ እንደ ዕብድ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ምንም ሳልፈታ ምን ማወቅ እችላለሁ?

ብዙ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ እንደልብ አይገኝምና ድንጋዩን አይርሱ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይመልከት፤ እርስዎ ፔዳሉን ይርገጡ። ሰው ከሌለ ሲመሽ ግድግዳ አጠገብ ወደኋላ ይጠጉና ቀዩን ነጸብራቅ በመስታወት ይዩ።

መጀመሪያ ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ ፍሬን ይርገጡ። ከዚያ ፓርኪንጉን፣ ማለትም ማታ ከኋላ የምትበራዋን ደብዛዛ ቀይ፣ አብርተው ይርገጡ። ከዚያ ፍሬቻ ጨምረው ይርገጡ። ሦስቱን ለየብቻ ማየት ግድ ነው። አንዳንድ ጉድለት ራሱን የሚያሳየው ሁለት መብራቶች አብረው ሲበሩ ብቻ ነውና።

አንዱ ወገን ብቻ ከጠፋ ፊውዙም ስዊቹም ደህና ናቸው። ሁለቱም ወገን የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ስለሆነ፣ አንዱ ከበራ ምንጩ አልደረቀም። ክሩስኮቱ ሥር መግባት አያስፈልግም። ሁሉም ከጠፉ ደግሞ ሁለት አምፖል በአንድ ቀን መቃጠሉ ብርቅ ነውና ከፊት በኩል ይጀምሩ፤ ፊውዝ፣ ከዚያ ስዊች። መኪናው ከኋላ መስታወቱ ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ካለው እሱንም ይዩት። እሱ በርቶ የታችኞቹ ሁለቱ ከጠፉ፣ ኃይሉ ቢያንስ ስዊቹን አልፏል ማለት ነው።

አንዱ ብቻ ነው የማይበራው። አምፖሉ ነው?

ብዙውን ጊዜ አዎ። በብዙ አሮጌ መኪና የኋላ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ። ወፍራሙ 21 ዋት ነው፤ የፍሬን መብራቱ እሱ ነው። ቀጭኑ 5 ዋት ነው፤ ለፓርኪንግ። አንዱ ክር ተበጥሶ ሌላው ሊበራ ይችላል። ስለዚህ «ፓርኪንጉ ስለሚበራ አምፖሉ ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

በዓይን ማየት አይበቃም። ክሩ ደህና መስሎ ሥሩ ላይ ሊለቅ ይችላል። አምፖሉን ያውጡና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዘው በቀጥታ ከባትሪ ጋር ያገናኙት፤ ጎኑን ከኔጌቲቭ፣ ከታች ያሉትን ሁለት ነጥቦች ተራ በተራ ከፖዘቲቭ። ሁለቱም ክሮች ከበሩ አምፖሉ ነፃ ነው።

ሲመልሱት ጎኑ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ይመልከቱ። እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። ሆን ተብሎ ነው፤ ተገልብጦ እንዳይገባ። በጉልበት ከገፉት ግን ገብቶ ፓርኪንጉና ፍሬኑ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሌላው የተለመደ ስህተት ባለ ሁለት ክር ቦታ ላይ ባለ አንድ ክር አምፖል ማስገባት ነው። የታችኛው አንዱ ነጥብ ሁለቱን መስመሮች ያገናኛቸዋል። ያን ጊዜ ፓርኪንግ ሲያበሩ የፍሬን መብራቱ አብሮ ይበራል፤ የኋላው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ፍሬን የያዙ ይመስለዋል።

አምፖሉ ደህና ሆኖ ካልበራ ዓይንዎን ወደ መያዣው ያዙሩ። የኋላ መብራት ሽፋን ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል። መያዣው ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ዝገት ነው። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። ከታች ያለችው ሞላ ደክማ አምፖሉን የማትገፋ ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጓት። ይህን ሲያደርጉ ፔዳሉ እንዳይረገጥ፣ ፓርኪንጉም እንዳይበራ፤ ካቻቢቴው ብረቱን ከነካ ፊውዙ ይቃጠላል።

ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ወይም የክሩስኮቱ መብራት ለምን ይበራል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሽቦ ሁሉ የሚያስቀይረው። አብሽሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው።

ምልክቶቹ እንግዳ ናቸው። ፍሬን ሲረገጥ ፓርኪንጉ ይደበዝዛል። ወይም ፍሬቻው በሥሱ ይበራል። ወይም የፍሬን መብራቱ ብቻውን ደህና ይበራና ፓርኪንግ ሲጨመር ይጠፋል። ወይም ደግሞ ቀን ላይ፣ የመብራት ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ፣ ፍሬን ሲረግጡ የክሩስኮቱ መብራት ብልጭ ይላል። ሁሉም የሚጠቁሙት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ማሳው።

ባለ ሁለት ክር አምፖል ውስጥ ሁለቱ ክሮች የሚመለሱት በአንድ በር ነው። ያ በር ከተዘጋ የፍሬኑ ኃይል በወፍራሙ ክር አልፎ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ በቀጭኑ ክር በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። በፓርኪንጉ ሽቦ ተጉዞ የማዶውን መብራት፣ የታርጋውን መብራት፣ የክሩስኮቱን መብራት አግኝቶ በእነሱ ማሳ ይመለሳል። መንገዱ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ሁሉም በሥሱ ይበራሉ፤ መብራት ያለበት ወፍራም ክር ግን አይበራም። ያ በውስጥ ለውስጥ የሚዞረው ባጃጅ ይህ ነው።

ማሳው የሚበላሸው ለምንድን ነው? አንደኛው ዝገት ነው። ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ብረቱን ሳያደርቀው ይከርማል። ማሳው የሚታሰረው ደግሞ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከመብራቱ ጀርባ፣ ውሃ ከሚቋጥርበት ቦታ አጠገብ ነው። ሁለተኛው የቆርቆሮ ሥራ ነው። ከኋላ የተገጨ መኪና ባትላሜራ ቤት ገብቶ ሲወጣ ብረቱ ላይ ስቱኮ፣ በላዩ ቀለም ይመጣል። የማሳው ቀለበት በቀለም ላይ ታስሮ ይመለሳል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መኪናዎ ከተቀባ በኋላ መብራቱ ካበደ ሌላ ቦታ ከመሄድዎ በፊት ይህን ይዩ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ረዘም ያለ ሽቦ ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከአምፖሉ መያዣ ጎን ወይም ከማሳው ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ቀለም ከሌለው ንጹህ ብረት ጋር ያገናኙ። ሰው ፍሬን ይርገጥ። መብራቱ ፏ ብሎ ከበራ ጉድለቱ ተገኝቷል።

መልቲሜትር ያለው ሰው በቁጥር ማየት ይችላል። ወደ 20 ቮልት ዲሲ ያዙሩት። አንዱን መንኪያ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከአምፖሉ መያዣ ማሳ ያድርጉ። አምፖሉ በቦታው ሆኖ፣ ፍሬኑ ተረግጦ ይለካ። ጤነኛ ማሳ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል፤ 0.1 ወይም 0.2 ቮልት። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መመለሻው ላይ ኃይል እየባከነ ነው። ፍሬኑ ሳይረገጥ መለካት ግን ዋጋ የለውም፤ ምንም በማያልፍበት መንገድ መጨናነቅ አይታይም።

ጥገናው እንዲህ ነው። የማሳውን ብሎን ይፍቱ። ቀለበቱንም፣ ከሥሩ ያለውን ብረትም ነጭ ብረት እስኪታይ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ጥብቅ አድርገው ያስሩ። ከታሰረ በኋላ ከላዩ ትንሽ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ይቀቡት፤ ውሃ እንዳይነካው። መጀመሪያ ቀብቶ ከዚያ ማሰር ተገቢ አይደለም። ብረት ከብረት በደረቁ ይገናኝ።

ሁሉም ጠፍተዋል። አሁንስ?

ፊውዙን ያውጡና ይዩ። ለፍሬን መብራት ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። በአንዳንድ መኪኖች ጥሩንባው ወይም ሌላ መብራት በዚያው ፊውዝ ላይ ነው። ጥሩንባውም አብሮ ከጠፋ ጥቆማ ነው። ፊውዙ ደህና ቢመስልም በሙከራ መብራት (አንዱ ሽቦው ማሳ ላይ የሚታሰር ባለ ሁለት ሽቦ ትንሽ አምፖል) በሁለቱም ጎኑ ይፈትሹ፤ የፊውዙ ቤት ጥርስ ዝጎ ኃይሉን ይዞት ሊሆን ይችላል።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ ይሂዱ። ባለ ሁለት ሽቦ ስዊች ከሆነ ሶኬቱን ነቅለው ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ። የኋላው መብራት ከበራ ስዊቹ ሞቷል፤ ይቀየር። ካልበራ ችግሩ ከስዊቹ በፊት ወይም በኋላ ሽቦው ላይ ነው። አንዱ ሽቦ ላይ ኃይል መኖሩን በሙከራ መብራት ይዩ። ከሌለ ከፊውዝ እስከ ስዊች ተቋርጧል። ካለ ከስዊች እስከ ኋላ። ባለ አራት ሽቦ ስዊች ያላቸው መኪኖች ላይ ግን ሁለቱን ትክክለኛ ሽቦዎች ሳይለዩ አያገናኙ።

ቮልስ ያላችሁ ፔዳሉ ሥር ስዊች ብትፈልጉ አታገኙም። በድሮው ቮልስ ስዊቹ ያለው የፍሬን ዘይት ዋናው ሲሊንደር ላይ ነው። የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው። ሲያረጅ መብራቱ የሚበራው ፔዳሉ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ብቻ ይሆናል። ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረም ጉዳዩ የመብራት ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ ነው።

መብራቱ አልጠፋ ካለስ?

ፔዳሉ ያረፈበት የስዊቹን ጫፍ መግፋት አቅቶታል ማለት ነው። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ስዊቹ ቦታውን ለቆ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ዳዶውን አላልተው ወደ ፔዳሉ ያስጠጉት፤ ፔዳሉ ትንሽ ሲነካ እንዲበራ፣ ሲለቀቅ እንዲጠፋ አድርገው ያጥብቁት። ከልክ በላይ አይግፉት። ፔዳሉን ራሱን ከገፋው ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ሸራው ይግላል።

ሁለተኛው ፔዳሉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁልፍ ተሰብራ መውደቋ ነው። ስዊቹን የምትገፋው እሷ ነበረች። አሁን የስዊቹ ጫፍ በባዶው ቀዳዳ ያልፋል። ምንጣፉ ላይ የተፈረፈረ ፕላስቲክ ካገኙ ምልክቱ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ መዘዟ ግን ትልቅ። ሁለት 21 ዋት አምፖል አንድ ላይ 3.5 አምፔር ይወስዳሉ። 12 ሰዓት ሲበሩ ቢያድሩ 42 አምፔር ሰዓት ነው። የትንሽ የቤት መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ 45 አምፔር ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው። ጠዋት መኪናው አይነሳም። ባትሪው ሞቷል ተብሎ ይቀየራል። አዲሱም ያድርና ይሞታል።

ፊውዙ ደጋግሞ ይቃጠላል። ወፍራም ላድርግበት?

በፍጹም። የሲጋራ ወረቀት ብራማውን፣ የመዳብ ክር ጥቅልሉን፣ ባለ 30 አምፔሩን፣ አንዱንም አያድርጉ። ፊውዝ የሚቃጠለው አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ስለተነካካ ነው። ፊውዙን ካወፈሩት በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦው ያለው ምንጣፍ ሥር፣ ከወንበሩ ስፖንጅ አጠገብ ነው። ሰው ተሳፍሮበት የሚሄድ መኪና ነው የምናወራው።

ብልሃቱ ይህ ነው። ፊውዙን ያውጡና በቦታው ባለ 21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ያገናኙ። አምፖሉ ኃይሉን ስለሚገድበው ምንም አይቃጠልም። የኋላ አምፖሎቹን ሁሉ፣ ሦስተኛውንም ጨምሮ፣ ያውጡ። ፍሬኑ ሳይረገጥ የሙከራ አምፖሉ ደምቆ ከበራ፣ ንክኪው ከፊውዝ እስከ ስዊች ባለው ወይም ፊውዙን በሚጋራ ሌላ መስመር ላይ ነው። ሲረገጥ ብቻ ከበራ ከስዊቹ በኋላ ነው። አሁን አንድ ሰው ፔዳሉን ይዞ፣ እርስዎ ሽቦውን ቦታ በቦታ ያነቃንቁ። የሙከራ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ደርሰዋል።

የት ይነቃነቅ? ሽቦው በሚታጠፍበት። ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር ባላቸው መኪኖች ላይ በሩና ጣሪያው መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ሽቦው በየቀኑ ይታጠፋል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። የወንበር ብሎን በምንጣፉ አልፎ የወጋው ሽቦም ብርቅ አይደለም። ተሳቢ ለማብራት ተብሎ የተቀጠለ፣ በኋላ የተረሳ ሽቦ ካለ እሱን መጀመሪያ ይፈትሹት።

ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሶ ከሆነ?

ምንጣፉን ሁሉ አይገልብጡ። መስመሩን ለሁለት ይክፈሉት። ፍሬኑ ተይዞ፣ መሃል ላይ ባለ ሶኬት ላይ ኃይል መኖሩን ይዩ። ካለ ብጥሱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሌለ ከዚያ በፊት። የቀረውን ደግሞ ለሁለት። ጥቂት ጊዜ ሲያደርጉት ክንድ በማይሞላ ርዝመት ውስጥ ይገባሉ። ሽቦውን በመርፌ እየወጉ መፈተሽ የተለመደ ነው፤ ግን በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ መዳቡም ውስጥ ውስጡን ይበላል። ከወጉ ቢያንስ ያሽጉት።

ቅጥያው ላይ እንጠንቀቅ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የመንገድ ላይ ማስታገሻ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይገባበታል። በስታኞ ይበየድ ወይም በማያያዣ ቱቦ በፒንሳ ይጨመቅ። በላዩ በሙቀት የሚጨማደድ የፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ። አዲሱ ሽቦ ከአሮጌው አይቅጠን። በቤት መኪና ለዚህ መስመር 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በቂ ነው።

አይሱዙና ሌሎች ከባድ መኪኖች ላይ ፍለጋው ያው ነው። ብዙዎቹ ግን 24 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት አምፖል ቢሰኩበት ወዲያው ይቃጠላል፤ ሙከራ አምፖሉም ባለ 24 ይሁን።

መቼ ነው ለኤሌትሪሻን መስጠት ያለብኝ?

ሽቦው ቀልጦ ከተጣበቀ፣ ክሩስኮቱ መፈታት ካለበት፣ ወይም ማንቂያና ተጨማሪ መብራት ገብቶበት የማን ሽቦ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ባለሙያ ይያዘው። «መብራቱ አይሠራም» ብለው ብቻ አያስረክቡት። ያዩትን ይንገሩት፤ «የግራው ፍሬን ብቻውን ይበራል፣ ፓርኪንግ ሲጨመር ይጠፋል፤ አምፖሉን ከባትሪ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነው፤ መኪናው ቀለም ከተቀባ ወዲህ ነው»። ይህን የሰማ ኤሌትሪሻን ቀጥታ የኋላ ኮፈኑን ነው የሚከፍተው። መኪናውን ሲረከቡም ሦስቱን ሙከራ እዚያው ፊቱ ያድርጉ፤ ፍሬን ለብቻው፣ ከፓርኪንግ ጋር፣ ከፍሬቻ ጋር። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ጠይቀው ይቀበሉ።